በኅዳር ሲታጠን የተቃጠለው ቱታ

«ነብሮስ እንዴት ነው?» ሳትል ፖስታውን እንዳልቀደድከው አውቃለሁ። ቆይ፣ የሰው ጤና ይቅደም። ውድ ወንድሜ ይድነቃቸው፣ እንዴት ከርመሃል? የሁመራ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? ወባውስ ዘንድሮ ማረህ? ትራክተር ሥር ተኝተህ ስትሠራ የሚይዝህ ወገብህ ተሻለው? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን፤ የእማዬ ደም ግፊትም ጋብ ብሏል። ባለፈው ደብዳቤህ ውሻህን በመጀመሪያው መስመር፣ እማዬን በአምስተኛው፣ እኔን በጀርባው እንደጠየቅህ ግን ልብ ብለነዋል።

እኔ ዕጣ ወጥቶልኝ አሶሳ ተመድቤያለሁ፤ የባዮሎጂ መምህርት ልሆን ነው። ታኅሣሥ አምስት ሪፖርት አደርጋለሁ። ክፍል ገብቼ ጠመኔ እስክጨብጥ ቀኑ አልገፋልኝ ብሏል። የያዘኝ ያንተ ውሻ ነው።

ነብሮ አሥራ አራት ዓመት ሞላው። ዓይኑ ጠፍቷል፤ ጆሮውም ሲፈልግ ነው የሚሰማው። ሌባ ሲመጣ ይተኛል፣ እኔ ከደጅ ስገባ ይጮኽብኛል። የጋሽ ቦጋለን በር በየማለዳው ይሸናበታል። እሳቸውም «እኔም ጡረታ ወጥቻለሁ፤ የሰው በር ላይ ግን አልሸናሁም» ይላሉ። ግቢው ይስቃል፤ ውሃ ይዤ የማጥበው እኔ ነኝ። ጥርስ ስለሌለው ፍትፍት በእጄ አጎርሰዋለሁ። ጠግቦ ሄዶ የሚተኛው ግን ጋራዥ ትለብሰው በነበረው ቱታ ላይ ነው። ከሄድክ ሦስት ዓመት ሙሉ አጉራሹ እኔ፣ ውዱ አንተ።

አሁን የማፍርበትን ልንገርህ። ኅዳር ሲታጠን እንደምታውቀው የየቤቱ ጥራጊ ደጅ ወጥቶ ይቃጠላል። እኔም ከመሄዴ በፊት ቤቱን ላጽዳ ብዬ ማልጄ ተነሣሁ። ያንን ግማሹ ናፍጣ፣ ግማሹ ፀጉር የሆነ ቱታ ሳየው ደሜ ፈላ፤ በእንጨት አንሥቼ እሳቱ ላይ ጣልኩት። እማዬ «ተይ፣ ይፈልገዋል» ብላኝ ነበር። እኔ ደግሞ ምሩቅ ነኝና ስለ ቁንጫ ሌክቸር ሰጠኋት።

ያን ቀን ከአንዋር መስጊድ እስከ ምን አለሽ ተራ ጭስ ብቻ ነበር። ነብሮ ደግሞ የሚኖረው በአፍንጫው ነው። መኝታውን ሲፈልግ ከግድግዳ ጋር እየተጋጨ ዋለ። አዲስ ጆንያ አነጠፍኩለት፤ አሽትቶ ትቶት ሄደ። ከዚያ ወዲህ እሳቱ የነደደበት ቦታ ላይ ነው የሚያድረው። ኢድ የገና ጾም በገባበት ቀን ዋለና እትዬ ሱሀይር ሥጋ አድቅቀው ከትፈው አመጡለት፤ ፊቱን አዞረ። «ሰውየውን አቃጥላችሁበት ምን ብሎ ይብላ?» አሉኝ። የረባ ነገር ሳይቀምስ ዛሬ ስምንተኛ ቀኑ ነው፤ የጎን አጥንቱ ይቆጠራል።

እማዬ ሂጂ ትለኛለች። እንዲህ ትቼው ግን አልሄድም፤ ብቀር ደግሞ ቦታዬን ለሌላ ይሰጡብኛል። ስለዚህ «አይዞሽ፣ እስክመጣ ጠብቂልኝ» የሚል ደብዳቤ እንዳትልክልኝ፤ እንዲህ ያለ ሦስት አለኝ። ስትሠራበት የከረምከውን ቱታ አውልቀህ፣ በላስቲክ ቋጥረህ፣ ይህን ደብዳቤ ለሚያደርስልህ ሹፌር ለጓንጉል ስጠው። ሲመለስ አውቶቡስ ተራ ወጥቼ እቀበለዋለሁ።

እማዬ ሁለቱን ጉንጮችህን ስማሃለች፤ ውሃ አፍልተህ ጠጣ ብላለች። እትዬ ሱሀይር ሚስት አላገባም ወይ ብለው ጠይቀዋል። ጋሽ ቦጋለም ቅር ቢላቸውም ሰላም በይልኝ ብለዋል፤ ትናንት ግን ጎንበስ ብለው የነብሮን ጀርባ ሲያሹለት አይቻቸዋለሁ።

እባክህ በዚሁ በጓንጉል መልስልኝ። ቱታውን ደግሞ እንዳታጥበው።

እህትህ ሰገነት
አዲስ አበባ፣ መርካቶ
ኅዳር 20 ቀን 1996 ዓ.ም.