የአቶ ሙሜ ድንጋይ

መጋቢት 2 ቀን 1956፣ ከሰዓት
ዛሬም አሸዋ። አንድ አህያ ሲወጣ ሌላው ይወርዳል። መሃል ላይ ከተገናኙ አንዱ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ አህያ ደግሞ ወደ ኋላ መመለስ አይወድም። ወደ ኮረብታው የሚያወጣው ይህ መንገድ ብቻ ነው፤ እሱም በአቶ ሙሜ ጫት ማሳ መሃል ያልፋል። ሽማግሌው እለፉ ባይሉን አንድ ጆንያ ሲሚንቶ ከአሰበ ተፈሪ እዚህ ባልደረሰ።

ከማሳው አለፍ ብሎ ለመ/ቤቱ የምንሠራው የአትክልት ቦታ ንድፍ የመጣው ከአ/አ ነው። ክብ ኩሬ፣ የሲሚንቶ አግዳሚ ወንበር፣ ጽጌረዳ በረድፍ። ዘመናዊ። ንድፉን ያወጣው ሰው ኮረብታውን አላየም። አለቃዬ ለፋሲካ ይድረስ ብለዋል፤ እንግዳ ይመጣል።

ለአትክልቱ ግንብ ድንጋይ አለቀብን። ከአቶ ሙሜ ማሳ በላይ ሰያፍ የሄደ፣ ግማሹን አፈር የዋጠው አሮጌ ካብ አየሁ። አንሡ አልኳቸው። ከሠራተኞቹ አህመዴ የሚባለው፣ ይሄ የውሃ ነው፣ ባለቤቱን እንጠይቅ አለ። ውሃ ልክ የያዝኩት እኔ ነኝ አልኩት። ሰዎቹ ሳቁ። ጥሩ የመለስኩ መሰለኝ፣ ደብተሬ።

መጋቢት 9
ግንቡ አለቀ። ቀጥ ያለ፣ ያማረ። እርሻ ት/ቤት ያስተማሩኝ ቢያዩት።

አቶ ሙሜ ለሠራተኞቹ ጫት ይዘው መጡ። ግንቡን በእጃቸው እየዳበሱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄዱ። ማን ሠራው አሉ። እኔ አልኩ። «ጥሩ ድንጋይ ነው፣ ልጄ» ብለው ወረዱ። ምሳዬን በደስታ በላሁ።

መጋቢት 17
ትናንት ዘነበ። የበልግ ዝናብ፣ ኃይለኛ። ጎርፉ ካቡ በነበረበት ገብቶ የአቶ ሙሜን ጫት ግማሹን ከነሥሩ ጠርጎ ወሰደ። የተረፈው ጭቃ ወደ ኩሬዬ ዞረ። አህመዴ ኩሬውን አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ። አካፋውን አንሥቶ ጭቃውን መዛቅ ጀመረ። ምነው በተናገረ።

አሁን ገባኝ። ያ ካብ የፈረሰ አልነበረም። ሰያፍ የሄደው ከላይ የሚመጣውን ውሃ ወደ ሸለቆው እንዲመልስ ነው። ያለ ውሃ ልክ የተሠራ፣ ግን ልክ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል። እኔ ነቅንቄ ብቻ መች ተውኩ።

መጋቢት 18
ዛሬ የባሰ ሠራሁ። አለቃዬ ኩሬውን አይተው፣ ሽማግሌው በተንኮል ጎርፉን ወደ መንግሥት ሥራ መልሷል አሉ። ለፖሊስ የሚላክ ክስ አርቅቅ አሉኝ። ካቡን ያነሳሁት እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ። አፌ ውስጥ ነበረ። እሺ ጌታዬ አልኩ።

ጽሑፌ ያማረ ነው፣ ሁሉም ይመሰክራል። «ሆን ብሎ» የሚለውን ቃል ያገኘሁት ራሴ ነኝ። ከሁሉ የሚያሳፍረኝ እሱ ነው።

መጋቢት 19፣ ከሰዓት
ክሱ ሰኞ ይፈረማል። ልነግራቸው ወደ አቶ ሙሜ ቤት ሄድኩ። ከጭቃ ውስጥ የጫት ግንድ እየለቀሙ፣ የሚድነውን ከማይድነው እየለዩ ሳሉ ደረስኩ። ተነሥተው አስቀመጡኝ። ሆጃ ቀረበ፤ የቡና ገለባ ነው፣ በወተት የሚፈላ። ጾም ላይ መሆኔን አስበው ለኔ ያለ ወተት አስፈልተዋል። ሰው እንዲህ ያስባል።

ጽጌረዳህ ተረፈ ወይ ብለው ጠየቁኝ። ተርፏል አልኩ። ሌላ ያልኩት የለም። ጠጥቼ፣ አመስግኜ ወጣሁ። በገዛ ማሳቸው መሃል፣ በፈቀዱልኝ መንገድ ወረድኩ። ራሴን ጠላሁት።

መጋቢት 21
ክሱን ቀደድኩት። በምትኩ በራሴ ስም ጻፍኩ፦ ካቡን ያስነሳሁ እኔ ነኝ፣ የውሃ ነው እየተባልኩ ነው ያስነሳሁት፤ ድንጋዩ ይመለስ። የአለቃዬ ጠረጴዛ ላይ አኖርኩት። አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ። ክሱን እንተወዋለን አሉ፤ ይህን ወረቀትህንም አላየሁም። ግንቡ ግን አይነካም። ከነካኸው መ/ቤቱ አያውቅህም።

ስለዚህ አቶ ሙሜ አይከሰሱም። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ከበደሳ ከተማ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል፤ ማሳው አሁንም ያለ ካብ ክፍት ነው።

መጋቢት 22፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት
ሲነጋ ወጣሁ። ሠራተኛ አልጠራሁም። ግንቡን ከጫፍ ማፍረስ ጀመርኩ፣ አንድ አንዱን በትከሻዬ ወደ ካቡ ቦታ። አምስተኛው ላይ አቶ ሙሜ መጡ። ድንጋዩን እንደተሸከምኩ የካቡንም የክሱንም ነገርኳቸው፤ አስቀምጬ ብነግራቸው የምሸሽ መሰለኝ።

እስክጨርስ ጠበቁኝ። ከዚያ ትከሻዬ ላይ ያለውን አይተው፣ «እሱ የላይ ነው። መጀመሪያ የታቹ ይሄዳል፣ ያ ጥቁሩ። አባቴ ያስቀመጠው» አሉ። ሄደው ከግንቤ መሃል በጣታቸው አሳዩኝ። ፍለጋ አላስፈለጋቸውም፤ የት እንዳለ ያውቁ ነበር።

እንግዲህ ያን ቀን ግንቡን ሲዳብሱ አውቀውት ነበር። አውቀው ጥሩ ድንጋይ ነው አሉኝ። እኔም ምሳዬን በደስታ በላሁ።

አሁን ጥላ ሥር ነኝ፣ ትከሻዬ ተልጧል። ጥቁሩ ቦታው ገብቷል። የመ/ቤቱ ላንድሮቨር ከታች ቆሟል፣ አለቃዬ በእግር እየወጡ ነው። አቶ ሙሜ ሁለተኛውን ሊያነሡ ጎንበስ ብለው እየጠሩኝ ነው። ለብቻቸው አይችሉትም፣ ልሄድ ነው።