በጨለማ ስለተዘፈነው ዘፈን

ለተከበሩ የሙዚቃ አዳራሹ ሥራ አስኪያጅ

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ ጸሐፊዎም፣ በርዎ ላይ የሚቆመው ጥበቃም ደህና እንደሆናችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። ጥበቃው እንኳ ደህና መሆኑን አውቃለሁ፤ በየጊዜው እንገናኛለን። እርስዎ ግን በመጣሁ ቁጥር ስብሰባ ላይ ነዎት ስለምባል፣ ጤናዎን የምጠይቀው እንዲህ በአደባባይ ሆነ። ከስብሰባው ግን ይጠንቀቁ፤ ብዙ መቀመጥ ወገብ ይይዛል።

እኔ የመብራት ሠራተኛችሁ የነበረው፣ ጓደኞቹ “ረጅሙ” የሚሉት ልጅ እናት ነኝ። ትምህርቴ ብዙም ስላልገፋ የምጽፈው ቀስ እያልኩ ነው፤ ብሳሳት አይፍረዱብኝ።

መርዶው በደረሰኝ ጠዋት፣ በምሠራበት ስፌት ቤት የተማሪ ዩኒፎርም እጅጌ እየገጠምኩ ነበር። ከእናንተ ዘንድ የተላኩ ሁለት ሰዎች ገቡ፤ አንዱ ሱፍ የለበሰ፣ ሌላው የሱፍ ለባሹን ቦርሳ የያዘ። ባልደረቦቼ ማሽናቸውን አቆሙ። ሱፍ ለባሹ “እናታችን፣ ይበርቱ” አለኝና ልጄ በሥራ ቦታው ከላይ ወድቆ መሞቱን ነገረኝ። ከዚያ ትንፋሽ ሳይወስድ “ዝግጅቱ ካለቀ በኋላ ነው፤ ተመልካቹ ሁሉ ከወጣ በኋላ” አለ። እኔ እየጮህኩ ነበር፤ ቦርሳ ያዡ ግን በጩኸቴ ላይ “አዎ፣ ካለቀ በኋላ” ብሎ አጸና። ሰዓቱን የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። ልጇን ያጣች እናት ልጄ የት ነው ትላለች እንጂ በስንት ሰዓት ትላለች? ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት የሚል ሰው ይጠረጠራል። ያን ቀን ግን ለመጠርጠርም ጉልበት አልነበረኝም።

ስለዚህ ዘግይቼም ቢሆን ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ ስላወጣችሁት የሐዘን መግለጫ አመሰግናለሁ። “ከሥራ ሰዓት ውጭ፣ ያለ ፈቃድ፣ በራሱ ቸልተኝነት” ይላል። ሐዘን የሚለው ቃል አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው ያለው፤ ቸልተኝነት ግን መግቢያውም መዝጊያውም ላይ አለ። ይህ ልጅ እቤት ውስጥ አምፖል ልቀይር ወንበር ላይ ስወጣ፣ ሮጦ ቆጣሪውን ሳያጠፋ የማያስነካኝ ልጅ ነው። “ውረጂ እማዬ፤ ኤሌክትሪክ እናት አባት አያውቅም” ይለኝ ነበር። እናንተ ያወቃችሁትን ቸልተኛ ሰው እኔም ባገኘው ደስ ይለኛል።

ሁለተኛ፣ ከየዝግጅቱ በኋላ አድናቂዎች ስሜታቸውን በኢንተርኔት ገጻችሁ ላይ እንዲያካፍሉ ስለምትጋብዙ ከልብ አመሰግናለሁ። ይህ ልማድ ባይኖራችሁ ኖሮ እስከ ዛሬ አምኛችሁ እኖር ነበር። ስለዚያ ምሽት፣ ስለ አንጋፋው ድምፃዊ ዝግጅት ሰው የጻፈውን ትንሿ ልጄ አነበበችልኝ። ምርመራ አስቤ አልነበረም፤ ልጄ የሠራበትን የመጨረሻ ምሽት በሌላ ሰው ዓይን ማየት አምሮኝ ነው። አንድ ጡረታ የወጡ አስተማሪ “ድምፁ አላረጀም፤ ያረጀነው እኛ ነን። እሱ ቆሞ ዘፈነ፣ እኛ ተቀምጠን ደከመን” ብለዋል። አንዲት ሴት ደግሞ “ባሌን ያገኘሁት በዚህ ሰውዬ ዘፈን ነው። ትናንት ዘፈኑ ሲመጣ አጠገቤ ተቀምጦ አንኮራፋ። ዘፋኙን ይቅር ብዬዋለሁ፤ ባሌን ግን ገና ነኝ” ብላለች። ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ያልኩት ያኔ ነው። እግዜር ይስጣት።

ከዚያ በኋላ ግን ሁሉም የሚያወራው አንድ ነገር ሆነ። አንድ ታክሲ ነጂ “በዘፈኑ መሐል መብራቱ ድርግም አለ፣ ማይክሮፎኑም ዝም አለ። ሽማግሌው ግን ንቅንቅ ሳይል በጨለማ በባዶ ድምፁ ዘፈነልን። እኔ በእናቴ ሞት እንኳ እንደዚያ አላለቀስኩም” ይላል። አንዲት የባንክ ሠራተኛ “መብራቱ ሲጠፋ ከመድረኩ ጀርባ ከበሮ የመሰለ ነገር ድው አለ፤ ሰውነቴን ወረረኝ!” ትላለች። ከሥሯ አንድ ጸጉር አስተካካይ ጽፏል፦ “ከጀርባ ‘ያዙት! ያዙት!’ ሲሉ አዝማች መሰለንና እኛም ‘ያዙት! ያዙት!’ እያልን በጭብጨባ ተቀበልን። ምን ዓይነት ምሽት ነው እባካችሁ!”

ልጄ እዚህ ላይ ስትደርስ ማንበብ አቆመች። ድገሚው አልኳት። ደገመችው።

ከሁሉም ሥር የእናንተ መልስ ነበር፦ “እናመሰግናለን! የጨለማው ዘፈን ለአድናቂዎቻችን ሆን ብለን ያሰናዳነው ስጦታ ነው።” ሙገሳ ደግ ነገር ነው፤ ሲመጣ እጅን ሰብስቦ መቀመጥ ይከብዳል። ግን ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ በዚያ አዳራሽ መብራት የሚያጠፋውም የሚያበራውም ልጄ ነበር። ሆን ተብሎ ከጠፋ በእሱ ቦታ ያጠፋው ማን ነው? ሆን ተብሎ ካልጠፋስ፣ ያልሰጣችሁትን ስጦታ ምስጋና የተቀበላችሁት በማን ስም ነው?

ሦስተኛ፣ ገጻችሁን በንጽሕና ስለመያዛችሁ። የጸጉር አስተካካዩ ጽሑፍ በማግስቱ አልነበረም። የባንክ ሠራተኛዋም ተከተለችው። የሚያንኮራፋው ባል ግን አሁንም አለ፤ እሱን የሚፈራው የለም። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነውና፣ ልጄ ሁሉንም በስልኳ ቀድማ ይዛዋለች። ጸጉር አስተካካዩንም ጠያይቄ ሱቁ ድረስ ሄድኩ። ማን መሆኔን ስነግረው ምላጩን አስቀመጠ። “እማማ፣ እኔ ምን አውቄ! ዘፈን መስሎኝ እኮ ነው! ያጨበጨብኩበት እጄ ይቆረጥ!” አለኝ። “እጅህንስ ተወው ልጄ፤ የምትላጨው ሰውዬ በግማሽ ጺሙ ቀርቷል” አልኩት። ሰውዬውን ጨርሶ ሸኝቶ ሲያበቃ የቀረውን ነገረኝ። ዘፈኑ በጨለማው እስከ መጨረሻ ተዘፈነ። ሰው ይደገም ብሎ ጮኸ። ተደገመ። መብራቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ይህን ከሰማሁ ወዲህ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ ሌላው ሁሉ ጌጥ ነው። ዘፈኑ ሲደገም ልጄ የት ነበር? ወለሉ ላይ ከነበረ፣ ይተነፍስ ነበር? እጁን የያዘው ሰው ነበር?

አራተኛ ልል ያሰብኩት ስለ መብራት ገመዱ ነበር። ከመድረኩ በላይ ያለው ገመድ ተልጦ መዳቡ ይታያል፣ ይቀየር ብዬ ብነግራቸው “ይህ ዝግጅት ይለፍ” ይሉኛል እያለ ልጄ እራት ላይ ያማርር ነበር። ባለፈው ጥበቃው አዝኖልኝ አዳራሹን በበሩ ሽንቁር ሲያሳየኝ፣ ከመድረኩ በላይ አዲስ ገመድ ተዘርግቷል። ያማረ ገመድ ነው። ጥፋቱ የልጄ ቸልተኝነት ከሆነ አሮጌው ገመድ ምን አጥፍቶ ወረደ? እኔ አላውቅም። ያላወቅኩትን አውቃለሁ አልልም፤ እጠረጥራለሁ እንጂ።

በአንጋፋው ድምፃዊ ላይ ቂም የለኝም። ልጄን ያሳደግኩት በእሱ ካሴት ነው፤ ማሽኔ ሥር ተኝቶ ይሰማው ነበር። ግን የኋለኛው ወንበር ድረስ የተሰማው ጩኸት መድረክ ላይ ለቆመ ሰው አልተሰማም ቢሉኝ ማመን ይቸግረኛል። ጨዋ ሰው ስለሆነ ከእርስዎ ቀድሞ ይነግረኝ ይሆናል።

እንግዲህ ቸልተኝነት የሚለውን ቃል ከልጄ ስም ላይ አንሱልኝ፤ ያን ጥያቄዬንም መልሱልኝ። ለሥራዎ መቃናት፣ ለስብሰባዎ ማለቅ፣ ለመግለጫዎ ማማር እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮትና በማይደክም እግር ከበርዎ የማልጠፋው፣

የረጅሙ እናት

ድኅረ ጽሑፍ፦ “ዝነኛውን የጨለማ ዘፈን ጨምሮ” የሚለውን አዲሱን ማስታወቂያችሁን አይቼ ትኬት ቆርጬ ገባሁ። ስሜታችሁን አካፍሉን ስላላችሁ የእኔንም አውጡልኝ። ሽማግሌው በደንብ ዘፈነ። መብራቱን ስታጠፉ ሰው ሁሉ በደስታ ጮኸ። እኔ ብድግ አልኩ፤ ጆሮዬን ወደ መድረኩ ጀርባ ጣልኩ። ከኋላዬ አንዱ “እማማ፣ ይቀመጡ እንጂ፣ ከለሉን!” አለኝ። በዚያ ድቅድቅ ጨለማ ምኑን እንደከለልኩት እስከ አሁን አልገባኝም። ዘፈኑ እስኪያልቅ ግን አልተቀመጥኩም።

ይህን የምታነቡ፣ ያን ምሽት እዚያ የነበራችሁም ያልነበራችሁም፦ አልፈርድባችሁም፤ እኔም ብሆን አጨበጭብ ነበር። የሰማችሁት ካለ ንገሩኝ። የሰማችሁት ባይኖርም፣ በየእምነታችሁ ለልጄ ጸልዩለት፤ ነፍስ ይማር በሉልኝ።