የማርስ አየር በነጃት ጠርሙስ

ማክሰኞ

ጨመርኩበት። ሦስት ጠብታ አረንጓዴ የኬክ ቀለም። ጠርሙሱ የእህቴ የነጃት ነው፤ ለሳይንስ ውድድር ከኩሬ ያመጣችው አልጌ፣ ያ ውሃ ላይ የሚበቅለው አረንጓዴ ነገር፣ አለበት። ከእርሾና ከስኳር የሚወጣውን ካርቦንዳይኦክሳይድ በቱቦ ትሰጠዋለች። የማርስ አየር እሱ ብቻ ነው ማለት ይቻላል፤ አልጌው እሱን በልቶ ኦክስጅንና ምግብ ያወጣል ትላለች። «የማርስ ሰው ጎመን አማረው?» እያልኩ ስቀልድባት ሰነበትኩ። ውሃው ግን አረንጓዴ አልሆን ብሏት ከፍቷታል። ማታ ከላይብረሪ መጥታ ስትጮህ ስቄ እነግራታለሁ።

ረቡዕ

አልነገርኳትም። መጮኹንስ ጮኸች፤ ግን አንገቴ ላይ ተጠምጥማ። «ከማል፣ ሠራ! ወላሂ ሠራ!» ነጃት እኮ አቅፋኝ አታውቅም። እኔም መልሼ አቀፍኳት።

ሐሙስ

አባዬ ታክሲ ነጂ ነው፤ ኤርፖርት ታክሲ ሰልፍ ላይ ላገኘው ሾፌር ሁሉ አውርቷል። አንድ ሽማግሌ ሰፈራችን ኢስት ፖይንት፣ ጋዝ ስቴሽን ቤንዚን ስቀዳ አግኝተውኝ፣ «እህትህ ከጭስ ምግብ አወጣች አሉ፣ ማሻአላህ። አንተስ?» አሉኝ። እኔማ ሃይስኩል ኩዊት አድርጌ፣ ትምህርቱን ትቼ፣ የሰው መኪና አጥባለሁ።

ዓርብ

ነገርኳት። ነገ ዳኞቹ ፊት ከምትዋረድ ብዬ። አልጮኸችም፤ እሱ ነው የገደለኝ። አልጌውን በቡና ፊልተር ወረቀት አጠለለችው፣ ውሃ እየደጋገመች። ቀለሙ በሲንኩ ሄደ። ወረቀቱ ላይ ጥፍር የምታህል አረንጓዴ ቀረች። ጋዙን ያልሰጠችውን የማወዳደሪያ ጠርሙስም አጠለለች፤ እዚያ ላይ የቀረው ከዚህም ያንሳል፤ ትንሽም ቢሆን ጋዙ ሠርቷል ማለት ነው። «ይቺ ናት የኔ» አለች፣ ለኔ ሳይሆን ለወረቀቱ። ንጹሕ ውሃ ውስጥ መለሰቻት። ከዚያ ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋችብኝ።

ቅዳሜ

ውድድሩ ከሰፈራችን ራቅ ያለችው ኬኔሶ ነበር። ዳኛዋ «ረቡዕ ውሃው በሙሉ አረንጓዴ ሆነ ብለሽ ጽፈሻል፤ ለምን ይሄን ያህል አነሰ?» ብላ ጠየቀች። ነጃት በጣቷ እኔን አሳየቻት። «እሱ ይንገርሽ።»

ቀለሙንም፣ ዝም ማለቴንም ተናገርኩ። ሰው የማስቀው እኔ፣ አንድ ሰው እንኳን አልሳቀም። ለካ አባዬ ከኋላዬ ቆሟል። ሁሉንም ሰማ።

ሽልማት የለም። ፓርኪንግ ላይ አባዬ የፊቱን በር ለሷ ከፈተላት፤ እኔ ነበርኩ ሁሌ እዚያ የምቀመጠው። ጠርሙሱን አቅፌ ከኋላ ገባሁ። ሃይዌይ ላይ ግማሽ መንገድ እንደሄድን፣ ነጃት ሳትዞር፣

«ክዳኑን ላላ አርግለት፣ ይታፈናል» አለች።

ለአልጌው ብላ ነው፣ አውቃለሁ። ቢሆንም አናገረችኝ፣ ከትናንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ። ላላ አደረግኩለት።