የአማቴ ጣራ በመናፈሻችሁ ውስጥ ቆሟል

ለ«አረንጓዴ ዕረፍት» መዝናኛና የተፈጥሮ ሥፍራ አስተባባሪ ኮሚቴ ክቡር ሰብሳቢ
ጋምቤላ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ መብራት ያልጠፋበት፣ ቬንትሌተሩ የሚዞርበት፣ ጣራውም ቀዳዳ የሌለው ቢሮ ውስጥ በሙሉ ጤና እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ዘገየ እባላለሁ፤ በወጣትነቴ ከደጋ መጥቼ፣ በዚህ ከተማ አማርኛ ሳስተምር ጎልምሼ፣ የኑዌር ልጅ አግብቼና ወልጄ፣ ጡረታ ወጥቼ ከሜዳው አጠገብ የምኖር ሰው ነኝ። ሜዳው ስል ድሮ የሁላችንም የነበረውን፣ አሁን በእርስዎ ትጋት ታጥሮ ተፈጥሮ የሆነውን ማለቴ ነው።

በቅድሚያ ምስጋናዬን ላቅርብ። ልጆቻችን ዥዋዥዌ አግኝተዋል፤ ይህን ስል አላሾፍም፣ የልጅ ልጄ ሊና አልወርድም እያለች ታስቸግረናለች። የብረት ወንበሮቹም ዛፍ በሌለበት ስለተተከሉ፣ በጋምቤላ ቀትር የተቀመጠባቸው ሁሉ ብድግ ብሎ ወደ ሥራው ይሄዳልና ስንፍናን አጥፍተውልናል። የወፍ መመልከቻው የእንጨት ማማም ግሩም ነው፤ እስካሁን ወፎቹ ተቀምጠውበት እኛን ይመለከታሉ።

አሁን ወደ አቤቱታዬ፣ ይቅርታ፣ ወደ ትሑት አስተያየቴ ልለፍ።

፩. በየዓመቱ በጋው ሲገባ የሰፈራችን ሴቶች ከዚያ ሜዳ የጣራ ሣር ያጭዱ ነበር። አጨዳው ሲያልቅ፣ መሬቱ ገና እርጥበት ሳይለቀው፣ ሽማግሌዎች ዙሪያውን ቆመው የተረፈውን በትንሽ እሳት ያቃጥሉት ነበር፤ ትልቁ እሳት በኋላ እንዳይመጣ ብለው። ይህ ኋላ ቀር አሠራር ሆኖ በመገኘቱ በአጥሩ በር ላይ «ያለ ፈቃድ መግባት ክልክል ነው» የሚል ሰፊ የብረት ሰሌዳ ተሰቀለ። ሣሩም ከሰው ቁመት በላይ አደገ፣ ደረቀ፣ እንደ ቆመም ቀረ። እኛም ከአጥሩ ውጭ ሆነን እናደንቃለን።

፪. አማቴ ወይዘሮ ኛኮንግ በግቢያችን ውስጥ በራሳቸው ጎጆ ይኖራሉ። የጎጆው ክዳን አልቋል። ባለፈው ክረምት ሳንባቸውን ታመው ሆስፒታል ገብተው ነበር፣ በእግዚአብሔር ቸርነት ተመለሱ፤ ሐኪሙ ግን ዳግመኛ ዝናብ እንዳያገኛቸው አጥብቆ አስጠንቅቆናል። ቆርቆሮ እንዳልመታላቸው አቅሙ የለኝም፣ ቢኖረኝም በዚህ ሙቀት ትንፋሽ ለሚያጥረው ሰው ምድጃ ነው። «ታዲያ ለምን እርስዎ ቤት አይገቡም?» ብለው የጽሕፈት ቤትዎ ባለሙያ በደግነት መክረውኛል። ክቡር ሆይ፣ በኑዌር ወግ አማትና አማች በአንድ ጣራ ሥር አያድሩም። ይህን ሁሉ ዘመን አብረን ስንኖር ስበላ እንኳ አይተውኝ አያውቁም፣ እኔም ደጃቸውን አልረገጥኩም፤ ጠብ እንዳይመስልዎ፣ ክብር ነው። ቤቱን ለእሳቸው ለቅቄ ልውጣ ብዬ በባለቤቴ በኛሉዋል በኩል ብልክባቸው፣ የልጄን ባል ከቤቱ አስወጥቼ እንቅልፍ አይወስደኝም ብለው መለሱልኝ። ከዚህ በኋላ ምን ልበል?

፫. ማመልከቻ አስገባሁ። የተፈጥሮ ሥፍራ ሣር ስለሚታጨድበት ሁኔታ መመሪያ ገና አልወጣም ተባልኩ። በሩን የሚጠብቀው ጸጋአብ ተማሪዬ ነበርና አንዲት ሸክም ብቻ ብዬ ብለምነው፣ «ቲቸር፣ እንጀራዬ ነው» አለኝ። አልፈረድኩበትም። የሚቀመጥበት የጥበቃ ጎጆ ግን በዚያው ሣር አምሮ ተከድኗል፤ የከደኑትም የእኛው ሰፈር ሴቶች ናቸው።

፬. ሣር ፍለጋ እስከ አቦቦ ወርጃለሁ። ያልታረሰው ተቃጥሏል፣ ያልተቃጠለው ባለቤት አለው። ሰማዩ ደግሞ መጥቆር ጀምሯል። ክቡር ሆይ፣ እኔ በቢሮዎ ዘመድ የለኝም፤ ያለኝ አማርኛ ብቻ ነው፣ እሱም እንደሚያዩት ጣራ አይከድንም። ስለዚህ አልከስም፣ አላስፈራራም፣ እለምናለሁ። የአንዲት ጎጆ ሣር ይፍቀዱልኝ።

ስለ ረጅሙ ስብሰባዎ፣ ስለ ዝምታዎና ስለ ተዘጋው በርዎ እጅ እየነሣሁ፣ ተፈጥሮን ከእኛ ለመጠበቅ ባሳዩት ቆራጥነትም እስከ መሬት ዝቅ ብዬ እየተሰናበትኩ፣ እንደ ሣሩ ፈቃድዎን ቆሜ የምጠብቅ ታዛዥዎ፣

ዘገየ ወንድይፍራው

ግልባጭ፦
ለሚመለከተው አካል፣ ሲገኝ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ላደርስ ስነሣ ሜዳው ተቃጠለ። ማን እንደለኮሰው አይታወቅም፤ ያን ያህል ደረቅ ሣር ቆሞ የሲጋራ ቁራጭም ይበቃዋል። ተመስገን፣ ሰው አልተጎዳም፣ ጸጋአብም ሮጦ አምልጧል። ሣሩ፣ ማማውና የጥበቃው ጎጆ ግን አሁን የሉም፤ ስለዚህ የሣሩን ልመናዬን ትቻለሁ። ዛሬ ማለዳ ደግሞ የመጀመሪያው ዝናብ ወረደ። አማቴ ከልጃቸው ጋር አልጋቸውን ከጥግ ወደ ጥግ ሲጎትቱና ሲስሉ ውጭ ቆሜ ሰማሁ፤ ገብቼ ላግዛቸው አልችልም። በአጥሩ በር ላይ የነበረው የብረት ሰሌዳ ጥላሸት ከመልበሱ በቀር ምንም አልሆነም። እባክዎ እሱን ይስጡን፤ ከአልጋቸው በላይ ያለውን ቀዳዳ ልክ ይሸፍናል። ጽሑፉን ወደ ሰማይ አዙረን እናስቀምጠዋለን፤ ያለ ፈቃድ መግባት ክልክል መሆኑን ምናልባት ዝናቡ አንብቦ ይመለስ ይሆናል።