አንገትሽ ላይ የሰነበተው ጣውላ

አንቲኬ፣ ሜይ 20 ቀን 2019

ለምወድሽ ልጄ ለማሪቬል፣

እንደምን ሰነበትሽ? የሆንግ ኮንግ ሙቀት እንዴት ይዞሻል? እኛ ደህና ነን ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን ደህና አይደለንም፣ እኔም በጣም ተናድጃለሁ። ይህን ደብዳቤ ጎረቤታችን ፌሊሳ ለሥራ ስትመለስ ይዛልሽ ትመጣለች። አብሮት ያለውን ፎርም ፈርመሽ፣ ፎቶ አንስተሽ በስልክ ላኪልኝ። ልጅሽን ክሪሳን ከትምህርት ቤት አውጥቼ እቤት ላስተምራት ነው። አያት ብቻውን አይበቃም፣ የእናት ፊርማ ያስፈልጋል ብለውኛል። ትምህርት ጁን 3 ይከፈታልና አትዘግዪብኝ።

ባለፈው "አባባ፣ ልጄን እርስዎ ነዎት ያሞላቀቋት፤ ስደውል እንኳ አፏን አትከፍትም" ብለሽ ስልኩን ዘጋሽብኝ። ተይ ማሪቬል! ባላየሽው ነገር አትፍረጂ። ልጅሽ ዝም ያለችው ፈርታ ነው።

ክፍሏ ውስጥ ከእንግሊዝኛ ሌላ የተናገረ ልጅ አንገቱ ላይ ካርድ ይንጠለጠልበታል። ካርዱ የሚወርድለት ሌላ ልጅ በቋንቋችን በኪናራያ ሲያወራ ሰምቶ ካሳበቀበት ብቻ ነው። እስከዚያ ጨዋታ የለም፤ ሌሎቹ ወደ ቤት ሲሄዱ እሱ ክፍል ይጠርጋል። ማርች ላይ ክሪሳን ሽንት ወጠራት። "ልውጣ" የሚለው እንግሊዝኛ ከድንጋጤዋ ብዛት ጠፋባት። በራሷ ቋንቋ ብትጠይቅ ካርዱ አለ። ዝም ብላ ተቀምጣ እላይዋ ላይ ለቀቀችው። የስምንት ዓመት ልጅ፣ ያ ሁሉ ልጅ እየሳቀባት! እቤት ስትደርስ ቀሚሷ ደርቆ ስለነበር እኔ ምንም አላወቅሁም። ሰሞኑን የነገረችኝ የፌሊሳ ልጅ ናት።

ትምህርት ከተዘጋ ሁለት ወር ሊሞላው ነው፣ አሁንም ታንሾካሹካለች። ማክሰኞ ዕለት ዓሣ እየጠበስኩ "ሩዙን አምጪልኝ" ብላት መጀመሪያ ወደ መስኮቱ ዞራ አየች። ከዚያ ጠጋ ብላ "ሎሎ፣ አያትዬ፣ ማንም አይሰማንም?" አለችኝ። በገዛ ቤታችን! ዓሣው አረረ፣ እኔም አረርኩ።

በማግስቱ ትምህርት ቤት ሄጄ አስተማሪዋን ለመክፈቻው ክፍሏን ስታዘጋጅ አገኘኋት። አስተማሪዋ ሮሴሊን ናት፤ ታስታውሻታለሽ፣ እኔ ሳስተምራችሁ አጠገብሽ ትቀመጥ ነበር። ወንበር ስታቀርብልኝ አልቀመጥም አልኳት።

"አንቺ ልጅ፣ ሕፃን ሽንቷን እስክትለቅ ድረስ የምታስተምሪው ምንድን ነው?"

"ሰር፣ እኔንም በጣም ነው ያሳዘነኝ።"

"ሐዘንሽን ለራስሽ ያዢው! ይሄን የተረገመ ካርድ ከየት አመጣሽው?"

ወንበሩን ወደ ቦታው መለሰችው። "ከእርስዎ ነዋ፣ ሰር። የእርስዎማ ጣውላ ነበር። ማሪቬል ዘጠኝ ቀን የተሸከመችው እኮ በእኔ ላይ ላለማሳበቅ ብላ ነው። በኪናራያ ሳወራ ትሰማኝ ነበር።"

ልጄ፣ ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩት አላውቅም። ያን ጣውላ የጠረብኩት እኔ ነኝ፣ ቫርኒሽ ሁሉ ቀብቼዋለሁ። ጡረታ ስወጣ ለመታሰቢያ ብዬ ይዤው መጥቼ አልጋዬ ስር አስቀምጬው ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የሰው ልጅ አንገት ላይ ሰቅያለሁ። ያንቺንም ዘጠኝ ቀን ቆጥሬዋለሁ፤ "ግትር ናት" እያልኩ ለእናትሽ፣ ነፍሷን ይማርና፣ እየሳቅሁ አወራላት ነበር። እሷ አልሳቀችም። እራት ላይ ማውራት የተውሽው ያኔ ነው። እኔ ደግሞ ልጄ ጨዋ ናት፣ አትለፈልፍም እያልኩ በየሰዉ ቤት ስኮራ ኖርኩ። ምን ዓይነት ደንቆሮ ነኝ! ክሪሳም እንዳንቺው በማንም ላይ አላሳበቀችም።

"ታዲያ ለዚህ ሰው ነው ልጄን የምሰጠው?" ብትዪ እውነትሽን ነው፣ አልከራከርሽም። ግን ወደዚያ ክፍል ከምትመለስ እዚህ ትሁንልኝ። ጠዋት ጠዋት ወደ ባሕሩ እንወርዳለን፤ ጀልባዎቹ ሲገቡ ቅርጫቶቹን ትደምራለች፣ የዓሣውን ዓይነት በኪናራያም በእንግሊዝኛም ትጽፋለች። ስትሳሳት ምላሴን ነክሼ እጠብቃታለሁ። ይከብደኛል፣ ግን እየለመድኩ ነው።

ዛሬ ጣውላውን ፈልጬ ሩዝ ቀቀልንበት። ቫርኒሹ ሲጨስ ክሪሳ አፍንጫዋን ይዛ "ሎሎ፣ ይገማል!" ብላ በኪናራያ ጮኸች። ጩኸቷ ፌሊሳ ቤት ድረስ ተሰማ። ወደ መስኮቱ ዞራ አላየችም።

እመቤታችን በሰው አገር ትጠብቅሽ፣ ጤናና ጉልበት ትስጥሽ። ፎርሙን ስትልኪ ደውዪልኝ። ሃያ ሰባት ዓመት የዋጥሽውን ሁሉ በቋንቋችን፣ ጮክ ብለሽ ንገሪኝ። ስደቢኝም። እስክትጨርሺ አንዲት ቃል አልናገርም።

አባትሽ፣
ቴዎዱሎ