በቤተሰብ ወረቀታችን ላይ ያለው ሦስተኛ ስም

ሰኞ

«ቤት ውስጥ ስንት ናችሁ?» አለችኝ እዚህ ሮም ግብሬን የምትሞላልኝ የካፍ ቢሮ ሴትዮ። ሁለት፤ እኔና ልጄ ሊያ። ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችው። ሦስት ይላል።

ሦስተኛው ጋሽ ተፈራ ናቸው።

የእኔ ግብር በሩብ ሰዓት አለቀ። ለሊያ የዩኒቨርሲቲ ድጋፍ የሚጠየቀው የኢዜ ወረቀት ግን ቤተሰብ ተብሎ የተመዘገበውን ሰው ሁሉ ገቢ ይደምራል። ከሳቸው ጋር ድጋፉ ከሚፈቅደው የገቢ ጣሪያ በላይ ነን። ያለሳቸው በታች። ማመልከቻው የሚዘጋው የሚመጣው ማክሰኞ ነው።

ድጋፉ ከቀረ ዩኒቨርሲቲውም ይቀራል። ለሊያ ይህን አልነገርኳትም። ታውቃለች።

ማክሰኞ

ጥፋቱ የኔ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ጋሽ ተፈራ የመኖሪያ ፈቃዳቸውን፣ ፔርሜሷቸውን፣ ለማደስ ሬዚደንሳ፣ የተመዘገበ አድራሻ፣ ቸገራቸው። በኔ አድራሻ ይመዝገቡ አልኩ። እኛ ቤት፣ ቶር ፒኛታራ፣ አንድ ቀን አላደሩም፤ ከባሕሩ አጠገብ ኦስቲያ ምግብ ቤት ይሠራሉ፣ እዚያው ይተኛሉ። የማዘጋጃ ቤቱ ሰውዬ «ዝምድና አላችሁ?» ሲለኝ አጠገቤ ቆመዋል። ኮፍያቸውን አውልቀው። ባዕድ ናቸው ልበል? ዓይናቸው እያየ?

አጎቴ ናቸው አልኩ። በአንድ የቤተሰብ ወረቀት ጻፈን።

ሊያ፦ «ማማ፣ ደውዪና ይውጡልን በያቸው። ባስታ! በቃ!»

ለሷ ቀላል ነው። ለኔ ሰው ከቤት ማስወጣት ነው። በወረቀትም ቢሆን።

ረቡዕ

ዛሬ የሠራሁት፦ ምድጃ ፈተግሁ። የምንከባከባትን ሲኞራ ፀጉር አጠብኩ። ስልኩን ሦስቴ አንስቼ አስቀመጥኩ። በአራተኛው ደወልኩ። ጤናቸውን ጠየቅኩ፣ ጤናዬን ጠየቁኝ። ባሕሩ ሞቋል አሉ። ዘጋሁ።

ፈሪ።

ሐሙስ

ኦስቲያ። ከሊያ ጋር በባቡር ሄድን። ጋሽ ተፈራ በሽርጥ ወጡ። ስለ አየሩ ጀመርኩ። እሷ ሁሉንም ዘረገፈችው፣ ግማሹን በጣልያንኛ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ።

እሳቸው ሰምተው ጨረሱ። ከዚያ ወንበር ተደግፈው ሳቁ።

«አሠሪዬ ካምና ጀምሮ እዚህ ተመዝገብ ይለኛል። ያን ሁሉ ውለታ ውላልኝ አድራሻዋን ጥዬ ብሄድ ምን ትለኛለች ብዬ እኮ ነው!»

«ጋሼ፣ እኔ ደግሞ...»

«ተይው። ይቺ ልጅሽ ትሻላለች። እኛን ይሉኝታ ይቀብረን ነበር።»

ለሊያ ጀላቶ አመጡላት። ለኔም። እንደ ልጅ በላሁት።

ዓርብ

ጋሼ የአድራሻ ለውጡን አስገቡ። ሁለት የሥራ ቀን ይፈጃል ተባልን። ቁጥሩን ደጋግሜ በጣቴ ቆጠርኩ። ቅዳሜና እሑድ አይገቡም። ይደርሳል? ምናልባት።

ማክሰኞ

ደረሰ። ስክሪኑ ሁለት ሰው ይላል።

«አሎራ፣ እንቀጥል» አለች የካፍ ሴትዮዋ፤ ሞላች፣ አተመች፣ ፈረምኩ። ሊያ እዚያው በስልኳ ማመልከቻውን ላከች። ተቀብለናል የሚል መልስ መጣ። ይስጧት አይስጧት፣ ዝርዝሩ ሲወጣ ነው። ግን ገብቷል።

በራችን ላይ፣ ከፖስታ ሳጥኑ የጋሽ ተፈራን ስም ልልጥ ጥፍሬን አስገባሁ። ጠርዙ ተነሣ።

መልሼ ለጠፍኩት። ደብዳቤ ቢመጣላቸውስ።