ፕሪንተሩ ያመነኝ ሳምንት

ማክሰኞ

ከሚዛን እስከ ቴፒ ፕሪንተር እንደ እኔ የሚያውቅ የለም። እሺ፣ ከሱቁ በር እስከ ባጃጅ ማቆሚያው። ሐያት እናቷ ታመውባት ጅማ ስትሄድ የፎቶና የኮፒ ቤቷን ለእኔ ለዘበኛዋ የተወችው በምክንያት ነው። በማታው ትምህርት ፊደል ከጨረስኩ ወዲህ መታወቂያ ኮፒ የማደርገው አንብቤ ነው። ስማቸውን ጮክ ብዬ እጠራላቸዋለሁ። አንዷ ዛሬ፣ "ቀስ ይበሉ፣ ዕድሜዬንም ሊያነቡት ነው እንዴ!" አለችኝ።

ከሰዓት ዝናብ። ሰው የለም። ከማሽኑ ጋር ተፋጠን ዋልን።

ረቡዕ

ፕሪንተሩ አኮረፈ። ኮምፒውተሩ ላይ የጥቁሩ ቀለም ሥዕል ባዶ ሆኖ ቀይ ምልክት ወጣበት። በማሽኑ ጎን ባለችው መስኮት ሳይ ግን ጥቁሩ ግማሽ ድረስ አለ! ቴፒ ቡና ስጭን የጆንያውን ኪሎ በትከሻዬ እናገር ነበር። ይህንንም አንስቼ ልመዝነው ነው ብዬ ለሐያት ደወልኩላት።

"እንዳያነሱት! ይፈስሳል!" ብላ ጮኸች። "ጋሽ አለሙ፣ እሱ እኮ አያይም። የረጨውን ጠብታ እየቆጠረ ነው የሚገምተው። ባለፈው ስሞላው ሳልነግረው ቀርቼ ነው። ጥቁሩን ሞልቻለሁ ይበሉት።"

ዓይን የለውም ማለት ነው። የነገሩትን ያምናል። በስልክ እየመራችኝ ጥቁሩ ላይ ምልክት አደረግኩ። እጄ እዚያው እያለ ሌሎቹ ሦስት ቀለሞችም ላይ አደረግኩ። አራቱም ሙሉ ሆነው ሲታዩ ደስ አለኝ።

ልጄ የምትኖረው አማን ከተማ ነው፣ በባጃጅ ቅርብ። ከመጣች ግን ቆየች። በስልክ "እንዴት ነህ አባዬ?" ስትለኝ "ምን ጎሎብኝ!" እላታለሁ። ታምነኛለች።

ሐሙስ

እትዬ ብርቅነሽ ከጌጫ መጡ። የባላቸው ሙት ዓመት ቅዳሜ ነው። ፎቶውን በትልቁ አሳትመው ነገ ጠዋት በሚኒባስ መመለስ አለባቸው። ሐያት አዘጋጅታው ስለሄደች የእኔ ሥራ አንድ ቁልፍ መጫን ነው።

"ይቀመጡ፣ ባለሙያ እጅ ነው የገቡት" አልኳቸው።

ሟቹ ሐምራዊ ሆነው ወጡ።

"ምነው! ባሌን ምን አደረግክብኝ?"

ደገምኩ። ባሰባቸው። በመስኮቱ ሳይ ቢጫው ከታችኛው መስመር በታች ወርዷል። ኮምፒውተሩ ሙሉ ነው ይላል፤ እኔው ነኛ የነገርኩት።

"ያቁሙ!" አለች ሐያት በስልክ። "አየር ይስባል። ሞልተው ያጽዱትና እስከ ነገ ይተዉት። ነገም እምቢ ካለ ተበላሽቷል ማለት ነው።"

ከቁምሳጥኑ ጠርሙስ አውጥቼ ቢጫውን ሞላሁ፤ ኮምፒውተሩ ላይም የማጽጃውን ቁልፍ ጫንኩ። በትልቁ የሚያትመው ሌላው ቤት ዝግ ነው። እትዬ ብርቅነሽ ዘመድ ቤት ሊያድሩ ሄዱ፤ ደህና እደር እንኳን አላሉኝም። ቀልድ አልመጣልኝም።

ዓርብ

በጠዋት እንደገና አጸዳሁት። የመጀመሪያው ወረቀት መስመር መስመር ሆኖ ወጣ። ቀጣዩም እንደዚያው፣ ግን ትንሽ ሻል ያለ። ከዚያ ሟቹ የሰው መልክ ይዘው ወጡ። እትዬ ብርቅነሽ ብዙ አዩት። "እሱ ነው" አሉና ደረታቸው ላይ አስጠጉት። ሚኒባሱ ክላክስ ሲያደርግ እየሮጡ ወጡ።

ሱቁ ጭር አለ። ያን ጊዜ ልጄ ደወለች። "እንዴት ነህ አባዬ?" አለችኝ።

"ብቻዬን ሆኜ ከብዶኛል" አልኳት።

 "እሁድ እመጣለሁ" አለች።

የጻፍኩት ሁሉ የሆነ ነው። ደወለች ያልኩት ብቻ ውሸት ነው። የደወልኩት እኔ ነኝ።